ከጅማ እስከ ዌልስ፦ የሙዚቃ መሣሪያ ለምን ወደ ክፍል አልገባም?

በታኅሣሥ 1936 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። ቤተሰቦቹ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ኢንጂነር ሆኖ እንዲመለስ ተስፋ አድርገው ወደ ብሪታኒያ ላኩት። ልጁ ዌልስ ውስጥ፣ ሬክሳም ከተማ አቅራቢያ ሊንዲስፋርን ኮሌጅ የተባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ ሙዚቃ ከሒሳብና ከፊዚክስ ጎን የሚሰጥ ትምህርት ነበር። መሣሪያ ለመያዝ የሙዚቀኛ ልጅ መሆን አያስፈልግም፤ ተማሪ መሆን ይበቃል። ልጁም መሣሪያ ያዘ። ምህንድስናው ቀረ። ከዚያ ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ ቀጠለ። ዛሬ ዓለም የኢትዮ ጃዝ አባት ብሎ የሚጠራው ሙላቱ አስታጥቄ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በኩራት ነው። የሚያኮራም ነው። ገልብጦ ለሚያነበው ሰው ግን ሌላ ጥያቄ አለበት። የጅማ ልጅ ውስጡ ያለውን ለማወቅ ለምን ዌልስ ድረስ መሄድ አስፈለገው? በዚያው ዘመን ጅማ የቀሩት፣ ሊሙ የቀሩት፣ አጋሮ የቀሩት እኩዮቹስ? ምናልባት ከመካከላቸው ከእሱ የሚበልጥ ጆሮ ያለው ነበር። ምናልባት አልነበረም። ማንም አያውቅም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ያልተሞከረ ተሰጥኦ መዝገብ የለውም።

አጋሮ ከጅማ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ በነበረው በጎማ ምድር የተቆረቆረች ናት። ከዚያ ልደት ወዲህ ከሰማንያ ዓመት በላይ አልፏል። ዛሬም የአጋሮ ልጅ፣ በአገሪቱ እንዳሉት አብዛኞቹ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች፣ ስለ ሙዚቃ መጽሐፉ ላይ ያነባል። የክራር ሥዕል ያያል። የክሮቹን ስም ይሸመድዳል። ክራሩን ግን አይነካውም።

ለምን? «አገሪቱ ድሃ ስለሆነች ነው» የሚለው መልስ ቀላል ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ታሪኩን ወደ ኋላ ሄዶ የሚመረምር ሰው መሣሪያ በተደጋጋሚ ወደ ኢትዮጵያ እንደመጣ፣ በተደጋጋሚም ለልጆችና ለወጣቶች እንደተሰጠ ያገኛል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሳይገባ ቀርቷል፤ ተራው ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል።

ሦስት የጥንት በሮች

ክራር፣ መሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገናና ከበሮ ከዘመናዊ ትምህርት ቤት በፊት የነበሩ ናቸው። በጅማና በዙሪያዋም ክራሩና መሲንቆው፣ በአፋን ኦሮሞ ኡሉሌ የሚባለው ዋሽንት፣ ድቤውም የሰርግና የበዓል ጓደኞች ናቸው። ጅማ ከወሎ ጋር የመንዙማ አገር ተብላ የምትጠራም ናት። እንግዲህ ጥያቄው መሣሪያ አለ ወይ አይደለም፤ ማን ይማረዋል ነው።

የመጀመሪያው በር የዘር በር ነበር። አዝማሪ ልጁን ያስተምራል፤ ልጁም የራሱን ልጅ። ከዚያ ቤት ያልተወለደ ልጅ መሲንቆ ሲያነሳ ቢታይ ቤተሰቡ ያፍርበታል። «አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚለው ተግሣጽ ዛሬም ከብዙ ቤት አልወጣም።

ሁለተኛው የቤተ ክህነት በር ነው። ዜማ ቤት ገብቶ አቋቋም የሚማር ልጅ ከበሮና ጸናጽል በሥርዓት ይማራል። ክፍያ የለም፤ የቆሎ ተማሪው ለምኖ እየበላ ይማራል። አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል፦ ይህ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ድሃ መሆን ከመሣሪያ ትምህርት የማያስቀርበት ቀደምት ሥርዓት ነው። ነገር ግን ለወንድ ልጅ፣ ያውም ለአንድ ሃይማኖት ልጅ ብቻ የተከፈተ በር ነበር።

ሦስተኛው በር ዕድል ነው። በገናን ለዓለም ካስተዋወቁት አንዱ የሆኑት ዓለሙ አጋ እንጦጦ ተወልደው ያደጉ ናቸው። በ12 ዓመታቸው ወደ በገና የገቡት አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተባሉ መምህር ጎረቤት ሆነው ስለመጡ ነው። አለቃ ሌላ ሰፈር ቤት ተከራይተው ቢሆን ኖሮስ? የአገር ቅርስ የሚባል ሙያ በአንድ የጎረቤት ቤት ላይ መንጠልጠሉ ያስደነግጣል።

ነሐሱ የመጣበት መንገድ

ከየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒኮላስ ለዳግማዊ ምኒልክ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች በስጦታ ላኩ። መምህርም አብሮ መጣ። ዘመናዊ የሚባለው የመሣሪያ ሙዚቃ አገሪቱ ውስጥ በዚህ ተጀመረ። መሣሪያው የገባው ግን ወደ ቤተ መንግሥት ነው። ሥራውም እንግዳ መቀበል፣ ሰልፍ ማድመቅ፣ ክብር መስጠት ነበር።

ሁለተኛው ማዕበል የመጣው በ1916 ዓ.ም. ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አውሮፓን ሲጎበኙ በኢየሩሳሌም በኩል አለፉ። እዚያም በአርመን ገዳም የሚያድጉ፣ ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ባንድ ሲጫወቱ ሰሙ። 40ዎቹን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚለው ስም ከዚያ ቀረ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ ግጥሙን የጻፉት ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። መዝሙሩ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በተከበረው የንግሥ በዓል ላይ ተሰማ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚገርም ነገር አለ። አርባዎቹ ልጆች ድሆች ነበሩ። አባትና እናት የላቸውም፤ ቋንቋውን አያውቁም። መሣሪያ የሚያውቁት ያሳደጋቸው ገዳም መሣሪያ ሰጥቶ ስላስተማራቸው ብቻ ነው። ይኸውም ልዩ ተሰጥኦና ልዩ ዘር ሳይፈለግ ተራ ልጆች፣ ያውም የተጎዱ ልጆች፣ መሣሪያና መምህር ካገኙ ለንጉሥ የሚመጥን ባንድ እንደሚሆኑ አዲስ አበባ በዓይኗ አየች። ከዚህ የተወሰደው ትምህርት ግን «እኛም ልጆቻችንን በየትምህርት ቤቱ እንዲህ እናስተምር» የሚል አልነበረም። «ባንድ አገኘን» የሚል ነበር።

ደንብ ልብስ ወይም ፓስፖርት

ከጣሊያን ወረራ በኋላ መሣሪያ በብዛት የገባው ወደ ጦር ሰፈር ነው። የክቡር ዘበኛ፣ የምድር ጦርና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ተቋቋሙ። አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትም የራሱ ባንድ ነበረው። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሌላ ቤት ሆነ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በእነዚህ ቤቶች ስንቱን ሙዚቀኛ አሠለጠኑ።

የሳክስፎኑ ጌታቸው መኩሪያ የዚህ መንገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ልጅ ሳለ የያዘው ክራርና መሲንቆ ነበር። ሳክስፎንና ክላሪኔት ያገኘው በአሥራዎቹ ዕድሜ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ሲገባ ነው። በኋላ ያን የሽለላና የፉከራ ዜማ በሳክስፎን አውጥቶ ዓለምን አስደነቀ። የእሱን ትውልድ ሙዚቀኞች ታሪክ የሚያገላብጥ ሰው ተመሳሳይ መስመር ደጋግሞ ያገኛል፤ «ተቀጠረ፣ ከዚያ መሣሪያ ተሰጠው»። መጀመሪያ ደንብ ልብስ፣ ቀጥሎ መሣሪያ። መንገዱ ለወንዶች ነበር። ሴቶች ወደ መድረኩ የወጡት ባብዛኛው በድምፅ ነው። ክራር ይዛ የወጣችው አስናቀች ወርቁ ስሟ እንዲህ ጎልቶ የቀረው ችሎታዋ ትልቅ ስለነበረ ነው፤ ግን እንደ እሷ ያሉት ጥቂት ስለነበሩም ጭምር ነው።

ደንብ ልብስ ላልለበሰ ሰው ሌላው መንገድ ፓስፖርት ነበር። በኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ተብለው የታወቁት የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ በ6 ዓመታቸው ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተልከው ቫዮሊን የጀመሩት እዚያ ነው። የጅማው ሙላቱም መሣሪያ የያዘው በፓስፖርት ነው። ሁለቱም ዓለም የሚያከብራቸው ሙዚቀኞች ሆኑ። ሁለቱም መጀመሪያ ከአገር መውጣት ነበረባቸው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ በቡልጋሪያ ድጋፍ የቆመው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይህን ለመለወጥ የመጣ ትልቅ እርምጃ ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ነበሩ። ያሬድ ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን ክራርን፣ መሲንቆንና ዋሽንትን አስተማረ። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ በልጅነቱ ክራር ይጫወት ነበር፤ ፒያኖን ያገኘው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሲገባ ነው። ዕድሜው ግን ልብ ይባል። በዌልሱ ትምህርት ቤት ፒያኖ የተለመደ የክፍል ዕቃ ነበር፤ እዚህ 16 ዓመት መጠበቅ፣ ያውም አዲስ አበባ መሆን፣ ያውም ፈተና ማለፍ ይጠይቃል። ያሬድ ለረጅም ዘመን አንድ ብቻ ነበር። ከአጋሮ አንድ ልጅ ለፈተናው ቢመጣ በእጁ ነክቶት በማያውቀው ነገር ላይ ተሰጥኦውን አሳይ ይባላል።

በዚያው ዘመን አንድ ሌላ በር ተከፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋሙ። በኋላ የመሩት ተስፋዬ ለማ ናቸው። ክራር፣ መሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገናና ከበሮ በአንድ መድረክ፣ በአንድ ቅኝት ተቀምጠው እንደ ኦርኬስትራ ተጫወቱ። የሰላም ጓድ ሆኖ የመጣው አሜሪካዊው ቻርልስ ሰተን መሲንቆ ተምሮ አብሯቸው ተጫወተ። አዋቂ የውጭ አገር ሰው መጥቶ መሲንቆ ከተማረ የአገሬው ልጅ በክፍሉ የማይማርበት ምክንያት የለም። መሣሪያው ርካሽ ነው፤ አገር ውስጥ ይሠራል፤ በቡድን መጫወት እንደሚቻልም በመድረክ ታየ። ከመድረኩ ወደ ክፍል የተሻገረ ግን የለም።

ኪነት፦ ሰፊው በርና ዋጋው

በኢትዮጵያ ታሪክ መሣሪያ ለብዙ ወጣት በአንድ ጊዜ የተዳረሰው በደርግ ዘመን ነው። በየቀበሌው፣ በየፋብሪካው፣ በየገበሬና በየወጣት ማኅበሩ የኪነት ቡድን ተቋቋመ። የያኔው የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ጅማና የቡና ከተሞቿም ከዚህ ውጭ አልነበሩም። ጊታር፣ ከበሮ፣ ክራር፣ ማጉያ በማኅበር ገንዘብ እየተገዛ በቀበሌ አዳራሽ ተቀመጠ። የሸማኔም የገበሬም ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ሄዶ ይለማመድ ነበር። ሴቶችም ገቡ። ከ1980ዎቹ በኋላ መድረኩን የሞሉት ድምፃውያንና ተጫዋቾች ብዙዎቹ «ጅማሬዬ ቀበሌ ኪነት ነው» ይላሉ።

ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ልጁ መሣሪያ የሚይዘው መፈክር ለማጀብ ነው። የሚዘፈነው ተወስኖ ይመጣል። ለሰልፍ አልመጣም ያለ ይጠየቃል። ብዙ ወላጅም ኪነትን የሚያስታውሰው እንደ ትምህርት ሳይሆን እንደ ግዳጅ ነው። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ቡድኖቹ ተበተኑ። መሣሪያዎቹም እንዲሁ፤ ለቀበሌው የተገዙ ስለነበሩ ከቀበሌው ጋር ጠፉ።

ከኪነት ሁለት ነገር መማር ይቻል ነበር። አንደኛው፣ ድሃ አገር ቢሆንም ከወሰነ መሣሪያን እስከ ቀበሌ ማድረስ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፣ መሣሪያ የፖለቲካ ንብረት ከሆነ ከፖለቲካው ጋር እንደሚሞት ነው። የሚበጀው የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን መተው ነበር። የተደረገው ግን ሁለቱንም አንድ ላይ መጣል ነው።

መጽሐፉ ገባ፤ ክራሩ ቀረ

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሙዚቃን አልረሳም። በታችኞቹ ክፍሎች ከሥዕልና ከሰውነት ማጎልመሻ ጋር ተጣምሮ፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ደግሞ ራሱን ችሎ እንዲሰጥ ሆነ። በቅርቡ የተቀረጸው ሥርዓተ ትምህርትም የክወናና የዕይታ ጥበባት ብሎ አስገብቶታል። በወረቀት ላይ እንግዲህ ሙዚቃ ለሁሉም ተማሪ ክፍት ነው። በሩ የተዘጋው በአዋጅ አይደለም።

በሩ የተዘጋው በአሠራር ነው። የመጀመሪያው ፈተና ራሱ ፈተናው ነው። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ላይ ሙዚቃ የለም። የማይፈተን ትምህርት ርዕሰ መምህሩም ወላጁም ዘንድ ክብደት የለውም፤ ፈተና ሲቃረብ ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ይሰጣል። ሁለተኛው መምህሩ ነው። ሙዚቃ እንዲያስተምር የሚመደበው ብዙ ጊዜ የሰውነት ማጎልመሻ ወይም የሌላ ትምህርት መምህር ነው፤ ራሱም መሣሪያ ይዞ አያውቅም። ያልያዘውን ሊያስይዝ አይችልም። ሦስተኛው በጀቱ ነው። ከጠመኔና ከወረቀት የማይተርፍ በጀት ክራር አይገዛም፤ ቢገዛም ዳይሬክተሩ ቢሮ ቁም ሣጥን ላይ ይሰቀላል፤ ለወላጆች በዓል ይወርዳል፤ ከዚያ ይመለሳል።

በዚህ መካከል መሣሪያ የሚያገኘው ልጅ ማን ሆነ? አዲስ አበባ በግል ትምህርት ቤት የሚማር፣ ቅዳሜ ከፍሎ ፒያኖ የሚሄድ፤ ወይም በሰንበት ትምህርት ቤቱ ከበሮና በገና፣ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያኑ ኪቦርድና ጊታር ያገኘ ልጅ። የሃይማኖት ቤቶች መንግሥት የተወውን ሥራ እየሠሩ ነው፤ ሊመሰገኑ ይገባል። የእነሱ በር ግን ለራሳቸው ምእመን ነው። ለሁሉም ተማሪ የሚከፈት አንድ ቤት ብቻ አለ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት።

አጋሮ፦ የቡናው ወር

ወደ አጋሮ ሲኬድ ደግሞ «ለሁሉም» የሚለው ቃል ሌላ ክብደት ያመጣል። በጎማ ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው የትምህርት መንፈቅ እኩሌታ ማለት ነው። በእነዚህ ወራት የለቃሚ ልጅ፣ አንዳንዴም የባለ ማሳው ልጅ፣ ጠዋት ወይም ከሰዓት ማሳ ላይ ነው። «የሙዚቃ ክበብ ከትምህርት በኋላ 10 ሰዓት ላይ አለ» ቢባል ማን ይመጣል? እሸት ቡና ተሸክሞ የማይሄደው፣ ውኃ የማይቀዳው፣ ቤቱ ቅርብ የሆነው ልጅ። ሴት ልጅ ደግሞ ከማሳ ብትመለስ እንኳ ቤት ውስጥ ቀሪ ሥራ ይጠብቃታል። ክበብ መልካም ነው፤ ነገር ግን በክበብ ብቻ የሚሰጥ ትምህርት ሳይታወቀው ተማሪውን በኑሮ ይመርጣል። ለሁሉም የሚደርሰው በመደበኛው ክፍለ ጊዜ፣ ሁሉም ወንበሩ ላይ ባለበት ሰዓት የሚሰጠው ብቻ ነው።

ሌላም በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። አጋሮ ሕዝቧ ባብዛኛው ሙስሊም የሆነ ከተማ ናት፤ ስለ ባለ ክር መሣሪያ በሃይማኖት ምክንያት የሚጠራጠር ወላጅ አለ። ይህን ወላጅ ኋላ ቀር ብሎ ማለፍ ልጁን ከክፍል ማስወጣት ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። በዚያው አገር መንዙማ በድምፅና በድቤ ስንት ዘመን ኖሯል። ክፍሉ ድምፅን፣ ምትንና መሣሪያን እኩል ካስቀመጠ ልጁ በቤቱ ከሚፈቀደው ይጀምራል። ሀንጋሪያዊው ዞልታን ኮዳይ ዓለም የተቀበለውን የሙዚቃ ትምህርት ዘዴ የመሠረተው በዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የልጁ ድምፅ፣ ያውም በእናቱ ቋንቋ በሚያውቀው የአገሩ ዜማ፤ መሣሪያ ቀጥሎ። እ.ኤ.አ. በ1950 በኬችኬሜት ከተማ የተጀመረው የመዝሙር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙዚቃን የየዕለት ትምህርት አደረገው። በአፋን ኦሮሞ የሚማር የአጋሮ ልጅም የሚጀምርበት ዜማ ከቤቱ ይዞ ይመጣል።

እድሩና መፈልፈያው

የቀረው የገንዘብ ጥያቄ ነው። የአጋሮ ሰው ይህን ጥያቄ በሌላ መልኩ ከመለሰ ቆይቷል። አንድ ቤተሰብ ድንኳን፣ መቶ ወንበርና ትልልቅ ድስት ገዝቶ አያስቀምጥም። እድሩ ይገዛል፤ ሁሉም ቤት ይጠቀምበታል። አንድ ገበሬ የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን መግዛት አይችልም፤ ስለዚህ የጎማ ገበሬ ለብዙ ዘመን ቡናውን አድርቆ ጀንፈል አድርጎ በርካሽ ሲሸጥ ኖረ። ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአካባቢው የተደራጁ ኅብረት ሥራ ማኅበራት መፈልፈያውን በጋራ ገዙ። ከመካከላቸው ዱሮሚና የተባለው ማኅበር ቡና እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ ደረጃ በተካሄደ የጣዕም ውድድር አንደኛ ወጣ። ዛፉ ያው ነው፤ አፈሩ ያው ነው፤ ገበሬውም ያው ነው። የተለወጠው ብቻውን ሊገዛው የማይችለውን ዕቃ በጋራ ማግኘቱ ነው። ጥራቱ ድሮም ፍሬው ውስጥ ነበር።

የሙዚቃ መሣሪያም እንዲሁ ነው። «እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ መሣሪያ ይኑረው» ከተባለ ነገሩ አበቃለት። «ትምህርት ቤቱ የጋራ መሣሪያ ይኑረው» ከተባለ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። 50 ተማሪ ያለበት አንድ ክፍል ይታሰብ። 10 ክራር ካለ ለ5 ተማሪ አንድ ይደርሳል። ክፍሉን በቡድን ከፍሎ አንዱ ክራር፣ አንዱ ከበሮና ጭብጨባ፣ አንዱ ዜማ፣ አንዱ ቅኝት ማዳመጥና መለየት ቢሠራና በየሳምንቱ ቢቀያየር፣ በአንድ ወር ውስጥ መሣሪያ ሳይነካ የሚቀር ልጅ አይኖርም። ያ 10 ክራር ደግሞ የአንድ ክፍል ብቻ አይደለም፤ በጠዋቱም በከሰዓቱም ፈረቃ ያገለግላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ክራር ከጎድጓዳ እንጨት፣ ከቆዳና ከክር በአገር ባለሙያ ይሠራል። ዋሽንት ከሸምበቆ ይሠራል፤ አራት ቀዳዳ ነው ያለው። በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝት መጫወት ለመጀመር የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሠሪው፣ አስተማሪውና የተመደበ ሰዓት ነው። ሠሪውና ተጫዋቹ በየከተማው አለ፤ ዲግሪ ስለሌለው ግን ትምህርት ቤት አይጋብዘውም። የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ መሣሪያ ቢያንስ ዜማ ለማጀብ እስኪችል ቢማር፣ የሰፈሩ ክራር ተጫዋች ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ረዳት መምህር ሆኖ ቢገባ፣ የመምህር እጥረት የሚባለው ግማሹ ይቀላል።

ይህ ሕልም ነው የሚል ካለ ቬንዙዌላን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1975 ሆሴ አንቶኒዮ አብሬዩ 11 ወጣቶችን ይዘው የጀመሩት ኤል ሲስቴማ የተባለው ሥርዓት መሣሪያን በነፃ እያዋሰ፣ ልጆችን ከመጀመሪያው ቀን በቡድን እያጫወተ በመላ አገሪቱ ተዳረሰ። ትችት አላጣውም፤ ከመንግሥት ጋር ከመጠን በላይ ተጣብቋል ይባላል። ይህ ደግሞ ኪነትን ለሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ እንግዳ ወቀሳ አይደለም። ለዚህም ነው መሣሪያው የቀበሌም የፓርቲም ሳይሆን በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ የሰፈረ፣ ወላጅ መምህር ኅብረቱ የሚቆጣጠረው ንብረት መሆን ያለበት። ሥርዓት ሲለወጥ ጥቁር ሰሌዳው እንደማይወሰድ ሁሉ ክራሩም መወሰድ የለበትም።

«ዳቦ ሳይኖር ሙዚቃ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ለሀብታሙ ልጅ ማንም አይጠይቀውም። የእሱ ቅዳሜ ፒያኖ ቅንጦት አይባልም፤ «ለአእምሮው ጥሩ ነው» ይባላል። ለአእምሮ ጥሩ ከሆነ ለለቃሚው ልጅም ጥሩ ነው። ሁሉም ሙላቱ አይሆንም፤ ሒሳብ የተማረ ሁሉ የሒሳብ ሊቅ እንደማይሆን ሁሉ። ሒሳብ ለሁሉም የሚሰጠው ግን ሊቁ ማን እንደሆነ ቀድሞ ስለማይታወቅ፣ ሊቅ ላልሆነውም ስለሚጠቅም ነው።

ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2008 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተጋብዞ ሲቆይ ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ የኢትዮጵያን ባህላዊ መሣሪያ፣ በተለይም ክራርን፣ ማዘመን ነበር። እንግዲህ ክራር ሃርቫርድ ገብቷል። ከጅማ ዌልስ፣ ከዌልስ ለንደን፣ ከለንደን ቦስተን የሄደው መንገድ ክራሩን ራሱን ተሸክሞ እዚያ አደረሰው።

የቀረው መንገድ ከዚያ በጣም አጭር ነው። ክራሩን ከዳይሬክተሩ ቢሮ ቁም ሣጥን ላይ አውርዶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ 5ኛ ክፍል በር ድረስ መውሰድ ነው። ኅዳር ላይ ጣቷ በቡና ልቀማ የጠቆረ ልጅ ትቀበለዋለች። ምን እንደምታወጣበት የሚታወቀው ያኔ ነው።